ብሩኔሌስኪ ያልከፈለው መዋጮ

ፊሊፖ ብሩኔሌስኪ በጣሊያን የፍሎሬንስን ካቴድራል ጉልላት እያስገነባ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1434 ታሰረ። ጥፋቱ ለግንበኞችና አናጢዎች ማኅበር ዓመታዊ መዋጮ አለመክፈሉ ነው። እሱ ግን ወርቅ አንጥረኛ ስለነበር የተመዘገበው በሐር ማኅበር ነው፤ አንጥረኞች የሚታቀፉት እዚያ ነበር። የካቴድራሉ አሠሪዎች ጣልቃ ገብተው በቀናት ውስጥ አስፈቱት። የሐር ማኅበር ሰው ለግንበኞች አልከፍልም ቢል አይገርመኝም፤ በከተማዋ ደረጃ ግንበኞቹ ከሱ በታች ናቸው።

የከተማዋ የሙያ ማኅበራት 21 ነበሩ። ታላላቅ የሚባሉት ሰባት ናቸው፦ ዳኞችና ውል ጸሐፊዎች፣ የካሊማላ ጨርቅ ነጋዴዎች፣ ገንዘብ መንዛሪዎች፣ ሱፍ፣ ሐር፣ ሐኪሞችና መድኃኒት ቀማሚዎች፣ እንዲሁም የፀጉራም ቆዳ ነጋዴዎች። ሥጋ ሻጩ፣ ቀጥቃጩ፣ ጫማ ሰፊው፣ ዳቦ ጋጋሪው ከ14ቱ ታናናሾች ወገን ነው። ከላይ የተቀመጠው ካፒታል የያዘ እንጂ መዶሻ የጨበጠ አይደለም። ሠዓሊዎች እንኳ የተመደቡት ከሐኪሞቹና ከቀማሚዎቹ ሥር ነው፤ ቀለም የሚሸጠው ቀማሚው ነበርና።

ሹመት የሚፈልግም ማኅበር ያስፈልገዋል። ከተማዋን በየሁለት ወሩ እየተፈራረቁ የሚያስተዳድሩት ፕሪዮሮች የሚመረጡት ከአባላት ነው። በ1295 ሙያውን ሳይሠሩ በስም ብቻ መመዝገብ ሲፈቀድ ባለቅኔው ዳንቴ ሐኪሞቹ ዘንድ ገባ፤ በ1300 ፕሪዮር ሆነ።

የታላላቆቹንና የታናናሾቹን ልዩነት በዓይኑ ማየት የሚፈልግ በከተማዋ ወዳለው ኦርሳንሚኬሌ ቤተ ክርስቲያን ይሂድ። በሕንፃው ውጫዊ ግድግዳ ላይ ማኅበራቱ የየጠባቂ ቅዱሳቸውን ሐውልት አቁመዋል (ዛሬ ውጭ ያሉት ቅጂዎች ናቸው)። የጦር መሣሪያ ሠሪዎቹ ጊዮርጊስ፣ የዶናቴሎ ሥራ፣ እብነ በረድ ነው። የጨርቅ ነጋዴዎቹ ማኅበር ካሊማላ ግን መጥምቁ ዮሐንስን ለጊቤርቲ ሰጥታ በነሐስ አሠራች፤ ነሐስ ደግሞ ከእብነ በረድ እጅግ ይወደዳል። ገንዘብ መንዛሪዎቹ ተከተሉ። የሱፍ ማኅበርም እንዳያንስ ብሎ ቀድሞ ያቆመውን የድንጋይ ሐውልት አንሥቶ እስጢፋኖስን በነሐስ ተካ።

የዚያን ነሐስ ዋጋ የከፈለው ሱፍ በማን እጅ አለፈ? ሱፍ የሚያበጥሩት፣ የሚያነድፉትና የሚነክሩት የማኅበሩ ተገዥ እንጂ አባል አልነበሩም። ማኅበሩ ይዳኛቸዋል፣ ይቀጣቸዋል፤ የራሳቸውን እንዳያቋቁሙም ይከለክላቸዋል። በጁላይ 1378 ቾምፒ የተባሉት እነዚህ ሠራተኞች አምፀው የመንግሥቱን ቤት ያዙ፤ ሱፍ አበጣሪው ሚኬሌ ዲ ላንዶ የከተማዋ ከፍተኛ ሹም ሆነ። ሦስት አዳዲስ ማኅበራት ተቋቋሙ፦ የነካሪዎች፣ የልብስ ሰፊዎችና የተራ ሠራተኞች። የተራ ሠራተኞቹ ከሁለት ወር ያነሰ ዕድሜ ነበረው። ሌሎቹ ሁለቱ እስከ 1382 ቆይተው ፈረሱ፤ ነካሪው ተመልሶ በሱፍ ማኅበር ሥር ገባ።