ቴርሞሜትሩን ፈሳሹ ውስጥ ክተቱት

ለሁለተኛ ዲግሪዬ ማሟያ፣ የእርሾ ሕዋሳት ሙቀት ሲበረታባቸው ጂኖቻቸውን እንዴት እንደሚቆጣጠሩ ለመለካት ስነሣ፣ ከባዱ ሥራ አርኤንኤ (ጂን ሲነሣ ከእሱ የሚቀዳውን መልእክት) ማውጣት ይመስለኝ ነበር። እሱንስ ጓንት ሳላወልቅ፣ ቱቦዎቹንም ከበረዶ ሳላርቅ በጥቂት ቀናት ለመድኩት። ሦስት ወር የበላብኝ ማሞቁ ነው።

የተሰጠኝ መመሪያ እርሾው ያለበት ፍላስክ ከ30 ዲግሪ ወደ 39 ዲግሪ ኢንኩቤተር (ሙቀቱን ጠብቆ የሚያቆይ ሣጥን) ተዛውሮ ከአንድ ሰዓት በኋላ ናሙና እንዲወሰድ ያዛል። እንደታዘዝኩት ባደርግም፣ ሕዋሱን በሙቀት ጊዜ የሚረዳ ፕሮቲን የሚያሠራው የኤችኤስፒ-70 ጂን ልኬት አንድ ጊዜ ጥቂት ከፍ ይላል፣ ሌላ ጊዜ ካልሞቀው ናሙና አይለይም። ኬሚካሎቹን ሁሉ ቀየርኩ። አማካሪዬ «እጅሽ ገና አልጸናም» ሲሉኝም አመንኳቸው፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኸው ማመኔ ነው።

አንድ ቀን ቴርሞሜትር በአልኮል ጠርጌ ፍላስኩ ውስጥ ከተትኩ። ኢንኩቤተሩ 39 እያሳየ፣ ፈሳሹ ከ10 ደቂቃ በኋላ ገና 33 ዲግሪ ነበር።

ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። በደህና ጊዜ ኤችኤስኤፍ-1 የተባለውን አዛዥ ፕሮቲን ረዳቱ ኤችኤስፒ-70 ይዞ ያቆየዋል። ሙቀት ሌሎች ፕሮቲኖችን ቅርጽ ሲያሳጣቸው ረዳቱ ወደ እነሱ ይሄዳል፤ አዛዡም ተለቆ በደቂቃዎች ውስጥ ጂኖቹን ያስነሣል። አዲስ የተሠራው ኤችኤስፒ-70 ሲበዛ ግን አዛዡን መልሶ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ሙቀቱ እንዳለ ቢሆንም በአንድ ሰዓት ውስጥ ጥድፊያው ያልፋል። እኔ ሕዋሳቱን ቀስ በቀስ አሙቄ፣ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነበር የምለካው። ጣሊያናዊው የጄኔቲክስ ተመራማሪ ፌሩቾ ሪቶሳ በ1962 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የዚህ ምላሽ የመጀመሪያ ግኝት ራሱ የመጣው፣ የፍሬ ዝንቦቹን ኢንኩቤተር ሌላ ሰው ሙቀቱን ከፍ ስላደረገበት መሆኑን ሳነብ፣ ዲግሪውን ቀድሜ ባለመፈተሼ ይበልጥ ተናደድኩ።

መመሪያው የሚለውን ትታችሁ፣ 30 ዲግሪ ላይ ባለው እርሾ ላይ እኩል መጠን ያለው 48 ዲግሪ የሞቀ ምግብ ፈሳሽ ጨምሩበት፤ ወዲያው 39 ይሆናል። ከማሞቃችሁ በፊት፣ ከዚያም በ5፣ በ10፣ በ20 እና በ60 ደቂቃ ናሙና ውሰዱ። ሕዋሳትን በማሽከርከር ከፈሳሽ የሚለየውን ሴንትሪፊውጅም አትጠቀሙ፤ ሕዋሳቱ እየተሽከረከሩም ምላሻቸውን ስለሚቀጥሉ፣ በማጣሪያ ለይታችሁ ወዲያው በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዟቸው።

በዚህ መንገድ በመጀመሪያው ሙከራ፣ የ10 ደቂቃው ናሙና ካልሞቀው በብዙ እጥፍ በልጦ ታየ፤ የ60 ደቂቃው ደግሞ ወርዶ ነበር። መመሪያው እንዲታረም ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አመልክቻለሁ፤ አሁንም «ከአንድ ሰዓት በኋላ» ይላል።