«በመሰጠቱ» ወይስ «ከተሰጠ በኋላ»?

ነገሩ የተነሣው ከአንዲት የቃለ ጉባኤ ቃል ነው። የክፍሉ ኃላፊ «የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በመሰጠቱ የስህተት መጠን ቀንሷል» ብለው አስጻፉ። ቃለ ጉባኤ ያዡ ብዕሩን አንሥቶ፣ «ጋሼ፣ ‹በመሰጠቱ› ልበል ወይስ ‹ከተሰጠ በኋላ›?» አላቸው።

ቅጽ ወደ ኮምፒዩተር ከሚያስገቡት 20 ሠራተኞች መካከል በወሩ ብዙ ስህተት የተገኘባቸው 5ቱ ማስጠንቀቂያ ደርሷቸው ነበር። በ1,000 ቅጽ 14 የነበረው አማካይ ስህተታቸው በቀጣዩ ወር 9 ሆነ። ኃላፊው «ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?» አሉት።

ልጁ ተነሥቶ ክርክሩን ሰሌዳው ላይ ጻፈው። መነሻ አንድ፦ ማስጠንቀቂያ ተሰጠ። መነሻ ሁለት፦ ከዚያ በኋላ ስህተት ቀነሰ። ከዚያ አንድ መስመር ባዶ ተወና ከሥሩ ድምዳሜውን አሰፈረ፦ ያስቀነሰው ማስጠንቀቂያው ነው። ሁለቱ መነሻዎች እውነት ናቸው፣ የሚክዳቸው የለም። ሸክሙን ሁሉ የተሸከመው ግን ባዶው መስመር ነው፦ «ማስጠንቀቂያው ባይሰጥ ኖሮ ስህተቱ ባለበት ይቆይ ነበር።» እንዲህ ያለውን ያልተነገረ መነሻ ለማግኘት፣ የተነገሩትን እውነት ናቸው ብሎ ይዞ ድምዳሜው ሐሰት ሊሆን ይችል እንደሆነ መሞከር ነው። ከቻለ መካከሉ ላይ ክፍተት አለ፤ ክፍተቱን የሚዘጋው ዓረፍተ ነገር ተፈልጎ ይጻፋል፣ ለብቻውም ይፈተሻል።

ይኼኛው ሲፈተሽ አልቆመም። በዚያው ወር ትንሽ ስህተት በማስመዝገባቸው የምስጋና ወረቀት የተሰጣቸው የ5 ሠራተኞች አማካይ ስህተት በቀጣዩ ወር ከ2 ወደ 5 ከፍ ብሎ ነበር። በዚያው ስሌት ምስጋና ሰው ያበላሻል ሊባል ነው። የአንድ ወር ስህተት ከፊሉ የችሎታ፣ ከፊሉ የአጋጣሚ ነው፤ ጽሑፉ የማይነበብ ቅጽ የሚበዛበት ወር አለ። ከዳር ያሉትን ስንመርጥ አጋጣሚ የተጫናቸውን ወይም የረዳቸውን አብረን እንመርጣለን፣ አጋጣሚው ደግሞ በቀጣዩ ወር አብሯቸው አይመጣም። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ፍራንሲስ ጋልተን ይህን ወደ አማካይ የመመለስ ጠባይ በ1886 በወላጆችና በልጆች ቁመት ላይ አሳይቶታል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማንም የበረራ አስተማሪዎች «የተቆጣነው ይሻሻላል፣ ያመሰገንነው ይበላሻል» ሲሉ ሰምቶ፣ የሚያዩት ይህንኑ መመለስ መሆኑን ተረድቷል።

ኃላፊው ቆጣ አሉ፦ «ታዲያ ሰው ሲያጠፋ ዝም ይባል ነው የምትለው?»

«አላልኩም ጋሼ። ማስጠንቀቂያ አይሠራም አላልኩም። ይህ ቁጥር መሥራቱን አያሳይም ነው ያልኩት።»

በስብሰባ ላይ ይህን ልዩነት ጠብቆ መናገር ከባድ ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገርም እሱ ይመስለኛል። ክርክር ፈረሰ ማለት ድምዳሜው ሐሰት ሆነ ማለት አይደለም፤ ያን ድምዳሜ የያዘው ምሰሶ ወደቀ ማለት ብቻ ነው። ሌላ ምሰሶ ሊኖረው ይችላል። ለምሳሌ ብዙ ከሚሳሳቱት 10 ሰዎች ለ5ቱ በዕጣ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ለ5ቱ አለመስጠት ነው። ሁለቱም ወገን ወደ አማካይ ይመለሳል፤ ቁጥሩ ከጥቂት ወራት ሲጠራቀም ማስጠንቀቂያ የደረሰው ወገን በግልጽ ብልጫ ካሳየ፣ ያ ብልጫ የማስጠንቀቂያው ድርሻ ነው። ኃላፊው «በዕጣ መቅጣት ፍትሕ አይደለም» አሉ። ይህ ተገቢ ተቃውሞ ነው፤ የሚመልሰው ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

ቃለ ጉባኤው «ከተሰጠ በኋላ» ተብሎ ተፈረመ። በማግስቱ ማስጠንቀቂያ ከደረሳቸው አንዱ ወረቀቱን ይዞ፣ «ይኸው፣ ማስጠንቀቂያ ዋጋ እንደሌለው ተረጋገጠ!» እያለ መጣ። ልጁ ወደዚያው ሰሌዳ ወሰደው። «ለማስጠንቀቂያው የቀረበው ክርክር ክፍተት አለበት» ብሎ ጻፈ፣ ዝቅ ብሎም «ስለዚህ ማስጠንቀቂያ ዋጋ የለውም» ብሎ ጻፈ። በመካከላቸው አንድ ባዶ መስመር ትቶ ጠመኔውን ሰጠው።