ባለ ምሳሩ ራማ

በሂንዱ እምነት ቪሽኑ የተባለው አምላክ ዓለምን ለመታደግ ሥጋ ለብሶ ከታየባቸው አሥር ዋና ዋና መገለጦች ስድስተኛው ፓራሹራማ ሲሆን፣ ስሙም «ባለ ምሳሩ ራማ» ማለት ነው፤ ምሳሩን የሰጠው ሌላው አምላክ ሺቫ እንደሆነ ይነገራል። ሌላው የቪሽኑ መገለጥ ክሪሽና በቅዱሱ መጽሐፍ በባጋቫድ ጊታ ጽድቅ በደከመና ዐመፅ በበረታ ቁጥር፣ ደጋጎችን ለማዳንና ክፉዎችን ለማጥፋት በየዘመኑ እንደሚወለድ ይናገራል። የፓራሹራማን ታሪክ ከዚህ ቃል ጋር አያይዤ ባነበብሁ ቁጥር የሚያስቆመኝ አንድ ነገር አለ፤ ሥርዓትን ሊመልስ የመጣው ሰው ሥራውን የሚጀምረው ራሱ ሥርዓቱን ጥሶ ነው።

በዚያ የመደብ ሥርዓት የካህናቱ መደብ የብራህሚን ድርሻ ትምህርት፣ ጸሎትና መሥዋዕት ሲሆን መሣሪያ መያዝና መግዛት የጦረኞቹ መደብ የክሻትሪያ ነው። ራማ ደግሞ የብራህሚኑ ባሕታዊ የጀማዳግኒ ልጅ ነው። ጥንታዊው የሕንድ የጀግንነት ግጥም ማሃባራታ የብራህሚን ልጅ ጦረኛ ለመሆኑ ምክንያቱን ከሁለት ትውልድ ወደ ኋላ ሄዶ ይፈልጋል። ባሕታዊው ሪቺካ ለሚስቱ ለሳትያቫቲ ሰላማዊ ካህን እንድትወልድ፣ የንጉሥ ሚስት ለሆነችው ለእናቷም ጦረኛ እንድትወልድ ጸሎት የተደገመበት ምግብ ለየብቻ አዘጋጀ፤ እናትና ልጅ ግን ድርሻቸውን ተለዋወጡ። ሳትያቫቲ ደንግጣ ብትለምነው ጦረኝነቱ ከልጇ ከጀማዳግኒ አልፎ ለልጅ ልጇ ለራማ ሆነ። (የአንድ ማዕድ ስሕተት ስንት አንገት አስቀላ!)

ጠቡ የተነሣው በላም ነው። በናርማዳ ወንዝ ዳር በማሂሽማቲ የነገሠው፣ አንድ ሺህ ክንድ እንደነበረው የሚተረክለት የሃይሃያዎች ንጉሥ ካርታቪርያ አርጁና፣ ከነሠራዊቱ በጀማዳግኒ ገዳም ተስተናግዶ ሲያበቃ፣ ያንን ሁሉ ሰው የመገበችውን ተአምረኛ ላም በጉልበት ወሰደ። ራማ ብቻውን ተከትሎ ንጉሡን ገደለውና ላሟን መለሰ። ስለ ቪሽኑ በሚተርከው ጥንታዊ መጽሐፍ በባጋቫታ ፑራና እንደተጻፈው አባቱ በዚህ አልተደሰተም፤ ብራህሚን የሚከበረው በይቅር ባይነቱ መሆኑን፣ የተቀባ ንጉሥን መግደልም ብራህሚን ከመግደል የከፋ ኀጢአት መሆኑን ነግሮ፣ ቅዱሳት ስፍራዎችን እየዞረ ንስሐ እንዲገባ አዘዘው። ራማም አንድ ዓመት ዞሮ ተመለሰ። ለእኔ የታሪኩ እምብርት ይህ ነው፤ ምክንያቱም ጽሑፉ ጀግናውን የሚወቅሰው በጠላት ሳይሆን በገዛ አባቱ አንደበት ነው።

የንጉሡ ልጆች ግን አልማሩም። ራማና ወንድሞቹ በሌሉበት መጥተው በተመስጦ የተቀመጠውን ጀማዳግኒን ገደሉት። ከዚያ በኋላ የመጣው ቁጣ ምድርን 21 ጊዜ ከክሻትሪያ አጸዳ፣ በሰሜን ሕንድ በኩሩክሼትራም አምስት ኩሬዎችን በደም ሞላ። ቁጥሩ በራሱ ይናገራል፤ አንድ ጊዜ በቅቶ ቢሆን ኖሮ ሃያ አንደኛው ባላስፈለገ ነበር፤ የተረፉት ሕፃናት እያደጉ፣ ምሳሩም እንደገና እየተነሣ ነው።

በመጨረሻ ራማ ታላቅ መሥዋዕት አቅርቦ ምድርን በሙሉ ለባሕታዊው ለካሽያፓ ስጦታ አደረጋት። ካሽያፓም ምድሪቱ የእኔ ናትና ከእንግዲህ በላይዋ አትኑር አለው፤ ባሕሩ ፈቀቅ ብሎ ማደሪያ ለቀቀለት። በደቡብ ሕንድ ያሉት ኬራላዎች ዛሬም አገራቸው ፓራሹራማ ምሳሩን ወርውሮ ከባሕር ያስለቀቃት ናት ይላሉ።

ምድር ግን አላረፈችም። ንጉሥ በጠፋባት አገር ብርቱው ደካማውን ይበላ ጀመር፤ ምድርም ወደ ጥልቁ ስትሰምጥ ካሽያፓ በጭኑ ደገፋት። ያን ጊዜ ጠባቂ ነገሥታት እንዲሰጧት ለመነች፤ ከጥፋቱ የሸሸገቻቸውንም አንድ በአንድ ነገረችው። አንዱን ድቦች በተራራ አሳድገውት ነበር፤ ሌላውን ላሞች፣ ሌላውን ጦጣዎች፣ ሌሎቹንም ባሕር ጠብቋቸዋል። ካሽያፓ እነዚህን ፈልጎ አነገሣቸው። ጽድቅ ተመለሰ ከተባለ የተመለሰው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ምሳሩ ካመለጡት ልጆች ጋር።

ይህን በማሃባራታ የሚተርከው ራሱ የቪሽኑ መገለጥ የሆነው ክሪሽና ነው፤ የሚሰማውም ዘመዶቹ ባለቁበት ጦርነት አሸንፎ ዙፋኑን የጠላው ዩዲሽቲራ። በዚያ ሰዓት በአምስቱ ኩሬዎች አጠገብ እያለፉ፣ በፍላጻ አልጋ ላይ ሆኖ ሞቱን ወደሚጠብቀው ወደ ቢሽማ፣ ማለትም ወደ ፓራሹራማ የቀድሞ ደቀ መዝሙር እየሄዱ ነበር።