«ሶሪ» ስል «እኔን» ማለቴ ነበር

ባለፈው ሳምንት ለእረፍት ድሬዳዋ ገብቼ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሳለ አንድ ሕፃን ከብስክሌት ወደቀ። ሻይ ሻጯ፣ የባጃጁ ሾፌር፣ እኛም በአንድ አፍ «እኔን!» አልን። ማን ጣለው ብሎ የጠየቀ የለም። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

አጠገቤ የነበረው የጎረቤታችን ልጅ ወደ ካናዳ ለመሄድ ወረቀቱን እያስጨረሰ ነው። «አቦ፣ ምን ሆንክ?» ሲለኝ አጫወትኩት።

ቶሮንቶ በገባሁ በአራተኛው ወር፣ መጋዘን ውስጥ አንድ ባልደረባዬን እርጥብ ወለል አንሸራትቶ ጣለው። እኔ ርቄ ካርቶን እየደረደርኩ ነበር። ሮጬ አነሳሁትና «ሶሪ! ሶሪ! ሶሪ!» አልኩ። አለቃችን መጥቶ በሠራተኛው ሁሉ ፊት «ምን አድርገኸው ነው?» አለኝ። በአደጋ ቅጹም ላይ ሦስት ጊዜ ይቅርታ መጠየቄን ጻፈ። የወደቀው ልጅ ራሱ በጥርጣሬ አየኝ። ካሜራው ነጻ እስኪያወጣኝ ሁለት ቀን እንደ ጥፋተኛ ታየሁ፤ ያ አስተያየት ዛሬም ያመኛል። ቶሮንቶ ባለችበት በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር፣ በፍትሐ ብሔር ክርክር «ሶሪ» ማለት ጥፋትን እንደ ማመን አይቆጠርም የሚል ሕግ በ2009 እ.ኤ.አ. መውጣቱን የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው።

ትምህርት ቤት «ሶሪ ማለት ይቅርታ» ብለው ያስተማሩን ግማሹን ነው። ቃሉ ቅጽል ነው፤ በጥንታዊው እንግሊዝኛ ቁስልንና ሕመምን ከሚገልጽ ቃል የተወለደ ነው። ያልሰማኸውን ለማስደገም በጥያቄ ድምፅ «ሶሪ?» ትላለህ። «ሶሪ ስቴት» ሲሉ የተጎሳቆለ ሁኔታ ማለታቸው ነው። «አይ ፊል ሶሪ ፎር ዩ» (አዝንልሃለሁ) ግን በጥንቃቄ! የተናቀ የሚመስለው አለ። እናቴ ስታርፍ ባልደረቦቼ ቆመው «ሶሪ» ብለውኝ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ድንኳንና ለቀስተኛ ለለመደ ሰው ይህ እንዴት ይዋጣል? ከልባቸው እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።

ካናዳዊ እግሩን ብትረግጠው ራሱ «ሶሪ» ይልሃል። እኛ ደግሞ ለማናውቀው ሕፃን «እኔን» እያልን፣ ያስቀየምነውን ወንድም ይቅርታ ለመጠየቅ ሽማግሌ ካልገባ አፋችን አይፈታም።

«ታዲያ ሰው ሲወድቅ ምን ልበል?» አለኝ ልጁ።

«መጀመሪያ ‹አር ዩ ኦኬ?› በል። ‹ሶሪ› ከዚያ በኋላ ይድረስ» አልኩት።

ያ የወደቀው ባልደረባዬ ዛሬ ወዳጄ ነው። ባለፈው ክረምት ሣጥን እግሬ ላይ ሲወድቅ፣ ከመጋዘኑ ማዶ ሮጦ እየመጣ በተሰባበረ አማርኛ «እኔን! እኔን!» አለኝ።