በሶና ሳሙና በአንድ ማዳበሪያ

ሱቄ ጅማ፣ ሂርማታ ነው። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ጠባብ ሱቅ ናት። ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ዝንጅብል፣ ፌጦ፣ አንዳንዴ ማር እሸጣለሁ።

የሰሜኑ ጦርነት ጥቅምት 24 ቀን 2013 ሲጀመር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሩቅ መስሎኝ ነበር። ጅማ የት፣ ሰሜን የት! ቤታችን የገባው በዓመቱ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ ነው። እናቴ ወሎዬ ናት። በ77ቱ ድርቅ ነው በሰፈራ ወደ ከፋ ክፍለ ሀገር የመጣችው፤ ያኔ ዋና ከተማው ጅማ ነበር። ኮምቦልቻ የነበሩት የእህቷ ልጆች ሸሽተው ደብረ ብርሃን ገቡ። እሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቄ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስልክ መጠበቅ ያዘች።

ዝም ብዬ ማየት አቃተኝ። መጀመሪያ ያደረግኩት ግን ስህተት ነበር። አንድ ደንበኛዬ በቴሌግራም የመጣ የእርዳታ ጥሪ አሳየኝ፤ የሚያለቅስ ሕፃን ፎቶና የባንክ ሂሳብ ቁጥር አለው። ቁጥሩን በትልቁ ጽፌ በሬ ላይ ለጠፍኩት። በሁለተኛው ቀን አንድ የሰፈር ተማሪ ፎቶውን ስልኩ ላይ ፈልጎ፣ ከብዙ ዓመት በፊት ሌላ አገር የተነሳ መሆኑን አሳየኝ። ሂሳቡም የግለሰብ ነው። እኔን አምነው 300 ብር ያስገቡ እናት ነበሩ። ከመሳቢያዬ አውጥቼ ከፈልኳቸው። አልቀበልም ብለው ስንከራከር ቆየን።

ከዚያ ወዲህ ማንነቱን ለማላውቀው ሰው ገንዘብ አልሰበስብም አልኩ። ዕቃ ብቻ። አንድ ደብተር ገዛሁና ማን ምን እንዳመጣ፣ መቼ እንደወጣ፣ ማን እንደተረከበ እጽፋለሁ። ደብተሩ ባንኮኒው ላይ ተዘርግቶ ይውላል፤ የፈለገ ገልጦ ያያል። የሚገርመው፣ ሰው መስጠት የጀመረው ደብተሩን ካየ በኋላ ነው።

ግን ምን ይዞ መጣ? ታኮ ጫማ። ሙሉ ልብስ ከነክራቫቱ። አንዲት ሴት ደግሞ የሠርጓን ቬሎ አመጣች (መልሼ ስሰጣት ተቀየመችኝ)። ሽሮና ዱቄትማ በየዓይነቱ ነበር። ደብረ ብርሃን ላለችው የአክስቴ ልጅ ደውዬ ስጠይቃት፣ «እቴ፣ ሽሮውን በምን ድስት፣ በምን እንጨት ልሥራው? እኛ ክፍል ውስጥ አንድ ድስት ለስድስት ቤተሰብ ነው» አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሞዴስና ሳሙና ላኪልን። የሚያስፈልገንን የሚመዘግቡት ወንዶች ይህን አይጽፉትም» አለች።

በማግስቱ በሩ ላይ ያለውን ወረቀት ቀየርኩት። «በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጩኮ፣ ሳሙና፣ ሞዴስ። ሌላ አንቀበልም።» አንድ ጎረቤቴ ሀጂ ወረቀቱን አንብበው ጉሮሯቸውን ጠራረጉና ምንም ሳይሉ ሄዱ። ከሰዓት ልጃቸው አንድ ካርቶን ሞዴስ ተሸክማ መጣች።

በዚያው ሰሞን ሌላ ነገር ደረሰብኝ። ኑሮው ስለከበደ ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እኔ ነበር፤ ጤና ጣቢያ የመጨረሻ ነው። ለጉንፋን ዝንጅብል፣ ለሆድ ፌጦ በሎሚ እያልኩ እንደ ሐኪም እመክራለሁ። አንዲት ጎረቤቴ ዓመት ከመንፈቅ ልጇን ተቅማጥ ይዞት መጣች። ፌጦ ሰጠኋት። በማግስቱ የልጁ ዓይን ጎድጉዶ፣ ሲያለቅስ እንባ የለውም። ይዘነው ሮጥን። ነርሷ አልተቆጣችኝም፣ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ልጁን የሚገድለው የውሃው ማለቅ መሆኑን አስረዳችን፤ ኦአርኤስና ለ10 ቀን የሚወሰድ ዚንክ ሰጠችው። ዳነ።

ኦአርኤስ ከሌለ ቤት የሚበጠበጠውንም አስተማረችኝ፦ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ማንኪያው መቆለል የለበትም፤ በተለይ ጨው ከበዛ ልጁን ይጎዳል። ይህን ጽፌ ከስኳሩ ጆንያ በላይ ለጠፍኩት። ማር ሲገዙም አሁን እጠይቃለሁ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ከሆነ አልሸጥም፤ አዋቂ የሚችለው ጀርም የሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ዝንጅብሉን ግን ለአዋቂ ጉንፋን እስከዛሬ እሸጣለሁ። ሙቀት ይሰጣል፣ ማንንም አልገደለም።

ወደ ደብተሩ ልመለስ። በሦስት ሳምንት 8 ማዳበሪያ ሞላ። ወደ አዲስ አበባ ቡና የሚጭን አንድ የአይሱዙ ሾፌር 350 ኪሎ ሜትሩን በነፃ አደረሰልን። ከዚያ ወዲያ ያለውን አንድ የእናቴ ዘመድ ተረከበ። እኔም እያንዳንዱን ማዳበሪያ በቁጥር ጽፌ፣ አስፈርሜ ላክሁ። በጣም ኮራሁ።

በአምስተኛው ቀን ስልኩ ጮኸ። እናቴ ከበርጩማዋ ብድግ ብላ ድምጹን ከፍ አደረገችው። የአክስቴ ልጅ ናት።

«ደርሷል፣ እግዜር ይስጥልን። ሞዴሱን ያገኘች ሁሉ መርቃችኋለች። ግን እቴ፣» አለችና ሳቋ አመለጣት፣ «በሶና ሳሙና በአንድ ማዳበሪያ የሚያሽግ ማነው? በሶው አረፋ ብቻ ነው የቀረው!»

እናቴ ዞራ አየችኝ። ከጥቅምት ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።