ከለቅሶ መልስ

ከለቅሶ ቤት ከተመለስኩ ጀምሮ ልቤ ከብዶኛል። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት አባት «መንግሥት አረቄውንም፣ ጫቱንም፣ ሲጋራውንም አንድ ላይ ቢያግድልን ምን ነበረበት?» ሲሉ በዙሪያቸው የነበርነው ሁሉ ራሳችንን ነቀነቅን። እኔም ከልቤ ነበር የነቀነቅሁት፤ ወንድሜን መጠጥ እንዴት እንደወሰደብን የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን አይጠይቀኝም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ፣ 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መሸጥንም ሲከለክል እጅግ ደስ ብሎኝ ነበር። ወንድሜን የጎዳው ግን ማስታወቂያ ኖሮት የማያውቀው፣ ጓዳ ውስጥ ተቀምጠው በመለኪያ የሚጠጡት አረቄ ነው፤ እንዲያ ያለውን አረቄ ደግሞ አክስቴም ታወጣ ነበር።

አጠገቧ ተቀምጬ አድጌአለሁ። ድፍድፉን በእንስራ ጥዳ አፉን በጭቃ ከመረገች በኋላ፣ እንፋሎቱ በመቃው አልፎ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወደተቀመጠው ማሰሮ ጠብ ጠብ እስኪል ድረስ፣ ጭሱ ዓይኗን እያስለቀሳት ማገዶውን አንዴ ስትገፋ አንዴ ስትስብ ትውላለች። የወጣውን አረቄ ጥቂት አፍስሳ ክብሪት ትጭርበታለች፤ ሰማያዊ ነበልባል ሲነሣ ፊቷ ይፈታል። የደብተሬ መግዣ የሚወጣው ነጠላዋ ጫፍ ላይ ከምትቋጥረው ከዚያው ገንዘብ ነበር።

ማለዳ ማለዳ የሚመጣ አንድ የቀን ሠራተኛ ነበር። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ መለኪያውን በሁለት እጁ ይዞ ነበር የሚጠጣው። አክስቴ «ልጄ፣ መጀመሪያ እህል ቅመስ» ብላ ቆሎ ታቀርብለታለች፤ ቆሎውን ሳይነካ ሲቀር ደግሞ ዝም ብላ ትቀዳለታለች። ያ ዝምታዋ ዛሬም አልወጣልኝም።

የእገዳ ነገር በተነሣ ቁጥር አሜሪካ መጠጥን እ.ኤ.አ. በ1920 አግዳ በ1933 መልሳ መፍቀዷን ይጠቅሱልኛል፤ በድብቅ ንግዱ ወንበዴ እንደከበረበትም ይነግሩኛል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፤ ግብር የሚከፍለው የቢራ ፋብሪካ በር ከመንኳኳቱ በፊት የእንደ አክስቴ ያለችው ሴት እንስራ ይሰበራል ብዬ እፈራለሁ።

ነገ የድጋፍ ፊርማ ቢያሰባስቡ ስለ ወንድሜ ብዬ እፈርማለሁ። ከፈረምኩ በኋላ ግን አክስቴ ቤት ገብቼ ዓይኗን እያየሁ ምን እላታለሁ?