እግሩን ያንፈራጠጠው ባቡር

አዳማ ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን በምጠግንባት ክፍሌ ጥግ 1 ሜትር ከ80 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ጠረጴዛ አለች። ቀን ቀን የደንበኞች ዕቃ ይተኛባታል፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ግን ባቡር ጣቢያ ትሆናለች። ይህን በምጽፍበት ጊዜ በላይዋ ላይ የሚታየው ግማሹ የተበየደ ሀዲድ፣ ከወተት ዱቄት ቆርቆሮ የተሠራ የሊቶሪና (የድሮው የመንገደኛ ባቡር) አካል፣ ጣሪያ ያልወጣለት የካርቶን ጣቢያ እና መስመር አስቀይር ሲሉት እምቢ የሚል መገናኛ ነው። አንዳቸውም አላለቁም። ቢሆንም እዚህ ለመድረስ የሄድኩበትን መንገድ፣ በተለይም በ4.5 ሚሊ ሜትር ስሕተት ምክንያት ስምንት ወር እንዴት እንዳባከንኩ መጻፍ ይገባኛል ብዬ አስባለሁ።

ነገሩ የጀመረው ጀርመን አገር የምትኖር የአክስቴ ልጅ ለእረፍት ስትመጣ ያገለገለ የሞዴል ባቡር ስብስብ ባመጣችልኝ ጊዜ ነው። በሳጥኑ ውስጥ አንድ ባለሞተር ባቡር፣ ሦስት ፉርጎዎችና ክብ ሠርቶ የሚገጣጠም ሀዲድ ነበረ። መጠኑ ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ የሚያንስ ሲሆን፣ በዓለም ላይ በብዛት የሚሸጠውም ይኸው መጠን ነው። እኔም ጊዜ ሳላጠፋ በልጅነቴ የማውቀውን የአዳማን የድሮ ባቡር ጣቢያ በዚሁ ሀዲድ ዙሪያ ለመሥራት ተነሣሁ። ኮምፔርሳቶ ገዛሁ፣ ሀዲዱን በኮላ አጣበቅሁ፣ ጠጠር በወንፊት ነፍቼ በመካከሉ በተንኩ፣ ኮረብታውን ከስቲሮፎም ቀርጬ በጀሶ ለበጥሁት። ስምንት ወር ሙሉ የሠራሁት ይህን ነው፤ ያየውም ሰው ሁሉ ያደንቅ ነበር።

ያላደነቁት በሰፈራችን የሚኖሩ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ብቻ ናቸው። ሬዲዮናቸውን ሊወስዱ መጥተው ጠረጴዛዋን ሲያዩ መነጽራቸውን አደረጉና ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም ሀዲዱን በጣታቸው እየለኩ፣ «ልጄ፣ ጥሩ ሠርተሃል፤ ግን ይኼ የእኛ ባቡር አይደለም። እግሩን አንፈራጥጠህበታል» አሉኝ። መጀመሪያ ላይ የሽማግሌ ቀልድ መስሎኝ ነበር። እርሳቸው ሄደው ማስመሪያና ወረቀት ይዤ ስቀመጥ ግን ነገሩ እንደ እሾህ ወጋኝ።

ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው የድሮው ሀዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት ልክ 1 ሜትር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ፈቃዱን ከሰጡ በኋላ መስመሩ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ የደረሰው በዚሁ ጠባብ ስፋት ነው። አንድ ሜትር ለ87 ሲካፈል 11.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ሞዴል ሠሪዎችም አጠጋግተው 12 ሚሊ ሜትር ያደርጉታል። የእኔ ሀዲድ ግን 16.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ነበረው። ይህ በ87 ሲባዛ 1,435 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደውና ጣቢያው ከከተማችን ወጣ ብሎ የተሠራው የአዲሱ ባቡር ስፋት ነው። በሌላ አነጋገር የድሮውን ጣቢያ ሠርቼ በፊቱ የአዲሱን መስመር ዘርግቼበት ነበር። ለራሴ ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ በወረቀት ላይ 4.5 ሚሊ ሜትር ምንም አይመስልም፤ በእውነተኛው መስመር ላይ ግን ከ43 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ልዩነት ነው።

ሁሉን ለማፍረስ ሁለት ሳምንት አመነታሁ። በመጨረሻ የሀዲዱን ግማሽ በሌላ ሰሌዳ ላይ አዛውሬ የአዲሱ መስመር ሥራ አደረግሁት፤ ስፋቱ ለእርሱ ትክክል ስለሆነ የሚቀረው የኤሌክትሪክ ምሰሶዎቹን መትከል ነው። በዚያ ሰሌዳ ጀርባ ከከተማችን አጠገብ ያሉትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች አንዱን ላቆም ፈልጌ ነበር፤ ሆኖም ምሰሶው 60 ሜትር ነው ብንል እንኳ በዚህ መጠን 69 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆንና የላይኛውን መደርደሪያ ስለሚመታ በሥዕል ለማሳየት ወስኛለሁ። የቀረውን ግማሽ ሀዲድ ግን ለድሮው ጣቢያ ፈታሁት።

ሀዲድ መፍታት ስል ቀልድ አይደለም። በፋብሪካ የተሠራው ሀዲድ ሁለት ቀጫጭን ብረቶች በፕላስቲክ አግዳሚዎች ላይ የተሰኩበት ነው፤ በቀስታ ሲጎትቱት ብረቱ ሾልኮ ይወጣል። ብረቱ ኒኬል ሲልቨር ይባላል፤ ስሙ ብር ቢልም የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ስለሆነ ብር የለበትም። ለእኔ የጠቀመኝ ሶልደር በቀላሉ የሚይዝ መሆኑ ነው። ስለዚህ በሙያዬ የማውቀውን ነገር አሰብኩ፤ የሬዲዮ ሰርኪት የሚሠራበትን መዳብ የተለበጠ ሰሌዳ በሴጌቶ 3 ሚሊ ሜትር ስፋትና 22 ሚሊ ሜትር ርዝመት ባላቸው ቁርጥራጮች ቆራረጥሁ፣ እያንዳንዱንም እንደ አግዳሚ ተጠቅሜ ብረቱን በላዩ በየድሁት። የድሮው መስመር አግዳሚዎች ከብረት የተሠሩ ስለነበሩ ቀጭኑ ሰሌዳ ከወፍራም እንጨት ይልቅ መልካቸውን ይሰጣል። እዚህ ላይ የሙያ ጓዶቼን የማስጠነቅቀው ነገር ሰሌዳው በውስጡ የመስታወት ክር ያለበት በመሆኑ ሲቆረጥ የሚወጣው ብናኝ ሳንባን እንደሚጎዳ ነው፤ እኔ ሦስተኛው ቀን ላይ ሳል ሲጀምረኝ ነው አፌን መሸፈን የጀመርኩት።

ስፋቱን ለመጠበቅ መጀመሪያ በማስመሪያ ሞከርኩ፤ አንዱን ጎን በይጄ ወደ ሌላው ስሄድ ብረቱ በሙቀቱ እየሸሸ 11.6 ወይም 12.5 ሚሊ ሜትር ላይ ይቆማል። መፍትሔ የሆነኝ ቶርኖ ቤት ሄጄ ሁለት ቀለበት የተቆረጠባቸው ሦስት ትንንሽ የነሐስ መለኪያዎች ማሠራቴ ነው፤ ሁለቱን ብረቶች በቀለበቶቹ ውስጥ አስገብቶ ለሚበይድ ሰው ስፋቱ ከ12 ሚሊ ሜትር ንቅንቅ አይልም። ባለሙያው መለኪያዎቹን ሲያስረክበኝ ለየትኛው ማሽን እንደሆኑ ጠይቆኝ ነበር፤ ለባቡር ነው ስለው ዋጋውን እንደገና ሊያስብበት ፈለገ።

አግዳሚዎቹን በየ8 ሚሊ ሜትሩ ስደረድር ለአንድ ሜትር ሀዲድ 125 አግዳሚ፣ ማለትም 250 የብየዳ ነጥብ አስፈለገኝ። የመጀመሪያውን ሜትር እንዲህ ከጨረስሁ በኋላ ነው ከአምስት አንዱ ብቻ የመዳብ ቢሆን እንደሚበቃና የቀሩት አራቱ በተመሳሳይ ውፍረት ከተቆረጠ ካርቶን ቢሠሩ ማንም እንደማይለይ የገባኝ። ሁለተኛው ሜትር በሦስት ምሽት አለቀ።

ይህ ዘዴ አንድ ክፉ ባሕርይ አለው። አግዳሚው መዳብ በመሆኑ ሁለቱን ብረቶች በኤሌክትሪክ ያገናኛቸዋል፤ በዚህ ዓይነቱ ባቡር ደግሞ አንዱ ብረት ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን አግዳሚ መዳብ መሐል ላይ በሞረድ ፍቆ መለየት የግድ ነው። እኔ ከ125ቱ አንዱን ረሳሁ። አንድ አግዳሚ ብቻ! ኤሌክትሪኩን ስለቅ የኃይል ማቅረቢያው ሽታ አውጥቶ ተቃጠለ፤ ጥፋተኛውንም በመለኪያ ለማግኘት አንድ ሙሉ ምሽት ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ በመስመሩ መግቢያ ላይ የመኪና ፍሬን መብራት፣ ባለ 12 ቮልት የ21 ዋት አምፖል፣ በተከታታይ አስገብቻለሁ። ሁሉ ደኅና ሲሆን አምፖሉ ጨለማ ነው፤ ሾርት ሲፈጠር ቦግ ብሎ ይበራና የሚያልፈውን ከረንት ከ1.75 አምፔር ገደማ በላይ እንዳይሆን ይገታዋል። ከፊውዝ ይልቅ እርሱን እመርጣለሁ፤ ፊውዝ ተቃጥሎ ይቀራል፣ አምፖሉ ግን ስሕተቴን እያበራ ያሳየኛል።

ሊቶሪናው ከሁሉ በላይ ደስ ያሰኘኝ ሥራ ነው። ስሙ የመጣው ሊቶሪያ ከምትባለው፣ ዛሬ ላቲና ተብላ ከምትጠራው የጣሊያን ከተማ ሲሆን፣ ዕቃው ራሱ ሞተሩን በሆዱ ይዞ መንገደኛ የሚጭን ባቡር ነው። ስፋቱ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ እግር በዚህ አገር ስለማይገኝ፣ የአክስቴ ልጅ 120 ጊዜ ከሚያንሰው ሌላ የሞዴል ዓይነት አሮጌ ባቡር ፈልጋ ላከችልኝ። የዚያ ዓይነቱ ሀዲድ 12 ሚሊ ሜትር በመሆኑ አካሉን አውልቄ በእግሩና በሞተሩ ብቻ ተጠቀምኩ። አዲሱን አካል ከወተት ዱቄት ቆርቆሮ ቆረጥሁ፤ ቆርቆሮው ቀድሞውኑ ቲን በሚባል ብረት የተለበጠ ስለሆነ ሶልደር ቶሎ ይይዛል። መስኮቶቹን ከመጠምዘዝ በፊት በጠፍጣፋው ላይ መክፈት እንደሚገባ የተማርኩት የመጀመሪያውን አካል አጣጥፌ ከጨረስሁ በኋላ መስኮት ልከፍት ስሞክር በጨፈለቅሁት ጊዜ ነው።

ሁለተኛው አካል አማረ፤ ነገር ግን በሀዲዱ ላይ ሲቀመጥ አምፖሌ ቦግ አለ። የቆርቆሮው ግድግዳ የፊቱንና የኋላውን እግር የኤሌክትሪክ መቀበያዎች አንድ ላይ ይነካ ነበር። ውስጡን በኤሌክትሪክ ቴፕ ስለብጠው ተስተካከለ። ቀጥሎ ደግሞ ክብደት አነሰውና ጎማዎቹ በቦታቸው ይሽከረከሩ ጀመር፤ ከጎሚስታ ቤት የወዳደቁ የጎማ ማመጣጠኛ እርሳሶች ለምኜ ከእግሮቹ በላይ አጣበቅሁ። እርሳስ የነካ እጅ ሳይታጠብ እንጀራ አይቁረስበት።

ከቀለሙ በፊት ያጋጠመኝ ጥያቄ ግን በሞረድ የሚፈታ አልነበረም። በጣቢያው ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው «ናዝሬት» ነው ወይስ «አዳማ»? ከተማዋ ለረጅም ዓመታት በይፋ የተጠራችው «ናዝሬት» በሚለው ስም ነው፤ ሊቶሪናም ከአዳማ ስም መመለስ በኋላ ይሄድ ነበር ብዬ ብጽፍ ሽማግሌው ዳግመኛ መነጽራቸውን ያደርጋሉ። ስለዚህ ሥራው የሚያሳየው ዘመን የንጉሡ ዘመን እንዲሆን ወሰንሁ፤ ይህም ሰሌዳውን፣ የሰዎቹን ልብስና በደጃፍ የሚቆመውን ጋሪ ሳይቀር ወሰነልኝ። ዘመኑን የመጀመሪያው ቀን ላይ መርጬ ቢሆን ኖሮ የሀዲዱ ስፋት ስሕተትም ባልተፈጠረ ነበር።

ሕንፃውን የምለካው በፎቶግራፍ ነው። በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ጥቁርና ነጭ የተቀባ የአንድ ሜትር ዘንግ ከግድግዳው ጋር አቁሜ አነሣለሁ፤ ፎቶግራፉን አሳትሜም በዘንጉ መጠን የበርና የመስኮቱን ልክ አሰላለሁ። የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ከቅርብ የተነሡ በመሆናቸው ግድግዳው እንደ በርሜል ሆዱ ተነፍቶ ታየ፤ አሁን በጎን ሳይሆን ፊት ለፊት፣ ርቄ ቆሜ በካሜራው አቅርቤ አነሣለሁ። ካርቶኑ የመለማመጃ ስለሆነ እንደገና ይሠራል።

ስለ ጠረጴዛዋ የምለው አጭር ነው። የመጀመሪያው ማቀፊያ ካልደረቀ የባሕር ዛፍ ጣውላ ነበር፤ አንድ ክረምት ሳይሞላው በ4 ሚሊ ሜትር ተጣመመና ሀዲዱን አጎበጠው። አሁን በቱቦላሬ አስበይጃለሁ። የአዳማ ነፋስ የሚያመጣው አቧራ ደግሞ ብረቱ ላይ ሲቀመጥ ባቡሩን ቀጥ ያደርገዋል፤ ከመጫወቴ በፊት አልኮል በነካ ጨርቅ እጠርጋለሁ፣ ሳልሠራበት ስቀርም በነጠላ እሸፍነዋለሁ። ባለቤቴ ነጠላውን እየፈለገች ነው።

የቀረኝ መገናኛው ነው። ባቡር ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚያልፍበት ቦታ ሁለት የሾሉ ተንቀሳቃሽ ብረቶች አሉት፤ ጫፋቸው እንደ ምላጭ ስሎ ከዋናው ብረት ጋር መለጠፍ አለበት፤ ብረቶቹ በሚሻገሩበት ቦታ ያለው ክፍተት ደግሞ ለጎማው ጠርዝ በቂ ሆኖ ከዚያ በላይ እንዳይሰፋ ያስፈልጋል። ሦስት ጊዜ ሞርጄ ሦስቱንም አበላሽቻለሁ። ባለፈው እሑድ ሽማግሌው መጥተው ሀዲዱን በጣታቸው ለኩና ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ፤ መገናኛው ላይ ሲደርሱ ግን ጎንበስ ብለው፣ «ምላሱ አልነከሰም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ በጫፉና በዋናው ብረት መካከል ወረቀት ያስገባል። ለጊዜው ሊቶሪናው ወደ ሁለተኛው መስመር የሚገባው በጣቴ ስገፋው ብቻ ነው።